ለዩሱፍ ዓይን የተገዛች ካርድ

ዩሱፍ ልብስ ሰፊ ነበር። ሐረር፣ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ በሚወስደው የሰፊዎች መንገድ ላይ አርባ አንድ ዓመት በአንድ መኪና ሰፍቷል። የሰው ትከሻ አይቶ ልኩን ይናገራል፤ ሜትሩን የሚያወጣው ለደንበኛው ክብር ሲል ብቻ ነበር። እኔ ከእርሱ ጋር የተዋወቅሁት ካፖርቴን ላስጠብብ ሄጄ ነው። ዙሪያዬን ዞሮ ተመለከተኝና፣ «ይህን የሰፋው ሰው አንተን አላየህም፤ ግመል አይቶ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነን።

እኔ እንደሻው እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ትዳር ከያዝኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ኮምፒውተር የለመድኩት ደግሞ ጡረታ ወጥቼ፣ ማንም ሳያስተምረኝ።

የዩሱፍ ናፍቆት አንድ ነበር፦ ኤረር በር አጠገብ የነበረው የእናቱ ቤት። አንድ ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ወራሾች ተመካክረው አፈረሱት፤ ዛሬ በቦታው የብሎኬት ቤት ቆሟል። ሊፈርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁለታችን ገብተን በእርሱ የልብስ ሜትር ለካነው። እርሱ ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ። የበሩን ስፋት፣ ነደባ የሚሏቸውን በቀይ አፈር የተቀቡ ከፍ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች፣ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉትን አሥራ አንድ መደርደሪያዎች፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «የእናቴን ቀሚስ የለካሁ መሰለኝ» አለ።

በእነዚያ ቁጥሮች ቤቱን ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ነገር ግን ማሽኔ አሮጌ ናት። ቤቱን የምታሳየው በመስመር ብቻ ነበር፤ ቀለምና ብርሃን ልጨምር ስል ቀጥ ትላለች። ለእኔ መስመሩ ይበቃኝ ነበር። ዩሱፍን ግን የዓይን ግፊት ይዞታል። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየሄደ እንደሆነ ነግሮታል። አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ ቆየና፣ «እንደሻው፣ ክር ነው የሚታየኝ፤ ጨርቁ የታለ?» አለኝ። ሰፊ ግድግዳና ደማቅ ቀለም ቢሆን ግን ገና ያያል። በዚያ ቀን ግድግዳዬ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ትልልቅ ቁጥር አንብቦልኛል።

ስለዚህ ቀለሙንና ብርሃኑን የምታወጣ ግራፊክስ ካርድ አስፈለገች። ከድሬዳዋ ያስመጣችልኝ ትዕግሥት ናት፤ ከፈላና በር አለፍ ብሎ ሱቅ ያላት፣ በሙያዋ የተመሰገነች የኮምፒውተር ጠጋኝ። መብራት የሚያከፋፍለው አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ካርዷን አይችላትም ብላ እሱንም ለወጠችው። ገጠመቻት፤ አበራን። የካርዷ ፋን ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

አውጥተን መልሰን ሰካናት። ጥርሶቿን በእርሳስ ላጲስ ፈገፈግናቸው። ሚሞሪውን ተራ በተራ እያወጣን ሞከርን። ካርዷ ስትወጣ ስክሪኑ ይበራል፤ ስትመለስ ይጠፋል።

«ጋሼ፣» አለች ትዕግሥት ቀስ ብላ፣ «ይህን የስክሪን ገመድ ከዚህ ልንቀለው?»

«የት ልትወስጂው? ቦታው ተጽፎበታል።»

እውነትም ተጽፎበት ነበር። ስም ያልተለጠፈበት ዕቃ በእጄ አልፎ ስለማያውቅ፣ የኮምፒውተሬን ገመዶች ሁሉ በስማቸው ለጥፌ፣ በየቀዳዳቸው አጠገብም ጽፌ፣ እንዳይላወሱ በሲባጎ አስሬያቸዋለሁ።

«እሱስ ልክ ነዎት፤ ግን…»

«ግን የለውም። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

እጇን ከገመዱ አነሳች። «ማሽኗን ሱቅ ወስጄ ልያት?» አለችኝ። ማሽኗ ከቤት አትወጣም አልኩ። የታመመችው ካርዷ ናት ብዬ ፈረድኩና ሌላ እንድታፈላልግ አዘዝኳት።

ሌላዋ ካርድ በዘጠነኛው ቀን መጣች። እሷም ጥቁር ሆነች። እንዲህ ተፋጠን ሳለን ዩሱፍ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ።

«መንገድ ላይ አንድ አህያ አሰላም አለይኩም ብዬው ሳይመልስልኝ ቀረ» አለ። «ሐረር ሥነ ሥርዓት ጠፍቷል።»

ትዕግሥት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኑ የቀን መቁጠሪያውን ሲፈልግ አይቼዋለሁ፤ የተሰቀለበትን ግድግዳ እንኳ አላገኘውም።

«እስቲ ልንካት፤ የቷ ናት አዲሷ?» አለ። ትዕግሥት እጁን ይዛ አሳየችው። ጣቶቹ በካርዷ ላይ ሄዱ፤ ወደ ማሽኗ ጀርባ ዞሩ፤ እዚያ ቆሙ።

«ይቺ ቀዳዳ ባዶ ናት» አለ። «ይቺም ባዶ። አንድ ነገር አልገባባትም እኮ! ወላሂ፣ ክር ያልገባባት መርፌ ይዛችሁ ነው ዘጠኝ ቀን ስትሰፉ የሰነበታችሁት!»

ትዕግሥት መሬት መሬቱን አየች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን ጠይቄዎት ነበር።»

«ለምን አልደገምሽልኝም?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ አሉኝ። አባቴ ቢሆኑም አልደግምም።»

ቢላዋ አመጣሁና ሲባጎውን በገዛ እጄ ቆረጥኩት። የስክሪኑን ገመድ ከማሽኗ አሮጌ ቀዳዳ ነቅዬ ካርዷ ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ በራ። ትዕግሥት ካርዷን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ጫነች፤ እኔ ቤቱን ከፈትኩ።

ዩሱፍን ወንበር አስጠግተን አስቀመጥነው። በማውሱ እየነዳሁ በሩ ላይ አደረስኩት። ከጠረጴዛው ሥር ኮሽታ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አድርጎታል። በዚያ ቤት በጫማ የገባ ሰው አልነበረም።

ገባን። ከበሩ የሚመጣው ብርሃን ነደባው ላይ ተኝቷል።

«ቀዩ ይታየኛል» አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀዩ ይታየኛል። እናቴ በቀኝ በኩል ነው የምትቀመጠው፤ ወደዚያ ውሰደኝ።»

ወሰድኩት። ብዙ ቆየን።

«መደርደሪያዎቹስ?»

«ፊት ለፊትህ ናቸው።»

ራሱን ወዲህ ወዲያ አደረገ። «አይታዩኝም።»

«ዩሱፍ፣ ዘጠኙ ቀን የእኔ ጥፋት ነው» አልኩት። በዕድሜዬ ለሰው እንዲህ ያልኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

«አላህ የተወልኝን አየሁ» አለ። «አሁን ዝም ብለህ ቁጠርልኝ።»

ከግራ ጀምሬ፣ በየትኛው ላይ ምን ይቀመጥ እንደነበር ስሙን እየጠራሁ፣ እስከ አሥራ አንደኛው ቆጠርኩለት።

አሁን ቀዩም አይታየውም። ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ የልጁ ልጅ ሜትር የምታህል በትር አስይዛ ታመጣዋለች። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኗን ከማብራቴ በፊት ጫማውን ያወልቃል። ፋኗ ሲዞር ሲሰማ፣ «በሩ ላይ ነን?» ይለኛል። ነን እለዋለሁ። ስክሪኑን ባጠፋው የሚያውቅብኝ የለም፤ ግን አንድም ቀን አላጠፋሁትም። እንገባለን፣ እቆጥርለታለሁ።

ባለፈው ዓርብ ደክሞኝ ስለነበር ፈጠን ብዬ ነበር። እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ሰባተኛውን ዘለልከው» አለ። «ተመለስ።»