ሞተሩ ምን ይላል?

ሰሞኑን በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከቁልፍና ከከንፈር ቅባት ጋር፣ አንድ አሮጌ ካቻቢቴ ይዤ እዞራለሁ። እጀታው እንጨት ነው፤ ቢጫ ቀለሙ ተላልጦ አልቋል። ደብሊን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለው መሥሪያ ቤቴ እስክሪብቶ ስፈልግ እሱ ቀድሞ ይወጣል፤ ባልደረቦቼም "ዛሬ ደግሞ ምን ልትፈቺ ነው?" እያሉ ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ። ሰው ዞር ሲልልኝ ግን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ፤ ቤንዚንና አሮጌ ቅባት ይሸታል፣ የአባቴን መዳፍ ይሸታል። እጀታው ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የምነግራችሁ የዚያን ምልክት ነገር ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2020፣ ዓለም በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በኮምፒውተር ሆነና ፍራንክሊንተን ሰፈር ባለው ቤታችን ከእናቴና ከአባቴ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። አባቴ ኮምቦልቻ ስመ ጥር መካኒክ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው እኔ ስላላየሁት ነው። እኔ የማውቀው አባቴ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያወርድ፣ ፈረንጅ ሲያናግረው ፈገግ ብሎ "የስ፣ የስ" የሚል ሰው ነበር። እናቴ "እንግሊዝኛው እኮ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ትለኝ ነበር። እኔም እንደዚያው አምኜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሰው ፊት ትንሽ አፍርበት ነበር።

ከጓሯችን ማዶ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይኖሩ ነበር። አባቴ በረዷቸውን ይጠርግላቸዋል፣ "ጋሼ" እያለም ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ሰላምታ መስሏቸው "ጋሼ!" ብለው ይመልሱለታል። ጋራዣቸው ውስጥ በሸራ የተሸፈነ መኪና ነበራቸው፤ አሜሪካኖቹ ሙስል ካር የሚሉት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አፍንጫው ረጅም የሆነ የሰባዎቹ መኪና። በጉብዝናቸው ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር ሽር ብለውበታል አሉ። ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሊሄዱ ዕቃቸውን ሲሸክፉ አባቴን ጠርተው ቁልፉን ሰጡት። "ካስነሳኸው ያንተ ነው፤ ሲነሳ ብቻ ደውልልኝ፣ ድምፁን አንዴ ልስማው" አሉት። አባቴ "የስ፣ የስ" አለ። ጨዋታውን የተረጎምኩለት እኔ ነኝ።

መኪናውን ገፍተን ወደ እኛ ጋራዥ አስገባነው። ኮፈኑን ስንከፍት የአይጥ ጎጆ ተቀበለን፤ የዝገትና የሽንት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር። አባቴ ግን ሽቶ እንደተነሰነሰበት ሰው ዓይኑን ጨፈነ። በግድግዳው ጣውላ ስንጥቅ የሚገባው ፀሐይ እጁ ላይ አርፎ ነበር፤ ካርቶን የሚያነሱት እጆች እዚያ ሞተር ላይ ሲደርሱ ሌላ እጅ ሆኑ። እሱ ካንዴላ ይላል፣ እኔ ስፓርክ ፕለግ እላለሁ፤ በጣት እየተጠቋቆምን ተግባባን። ወላሂ፣ እንደዚያ ክረምት አባቴን ወድጄው አላውቅም።

ብዙም አልቆየ፣ ተጣላን። መለዋወጫ ሊገዛ ብቻውን ሄዶ ሁለት ጊዜ የማንፈልገውን ዕቃ ይዞ መጣ። ሻጩ ማስክ አድርጎ፣ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ የጠየቀውን ሁሉ "የስ" ብሎት ነው። በሁለተኛው ቀን ጮህኩበት።

"አባ፣ ካልገባህ አልገባኝም በል! ኢትስ ኖት ዛት ሃርድ!"

"እሺ" አለኝ፣ አፌን አፌን እያየ። "ሪተርን አድርጊው በቃ።"

ከዚያ በኋላ እየተከተልኩት አፍ ሆንኩለት፤ ትልቅ ሥራ የሠራሁም መሰለኝ።

ሌላም ነገር ነበር። መስጊዱ ስለተዘጋ ስልኩ አዛን እንዲል አድርጌለት ነበር። ስልኩ አጠገቡ ሆኖ አዛን ይላል፣ አባቴ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ብሎን ይፈታል። ሶላት ሰዓቱን አሳልፎ የማያውቅ ሰው! መኪናው ልቡን ሰረቀው ብዬ ለእናቴ አሳበቅሁበት።

ዋናው ጠባችን ግን ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነበር። የፊቱን ፍሬን በአዲስ ዲስክ ስንቀይር አልተከራከረኝም፤ "ፍሬንስ ይታደስ" ብሎ እጁን ሰብስቦ አየኝ። እኔ ግን ቪዲዮ አይቼ አይቼ፣ ነዳጁን ራሱ እየለካ የሚረጭ ኮምፒውተር እናስገባ፣ አፕግሬድ እናድርገው አልኩ።

"ሞተር በጆሮ ነው የሚቃኘው" አለኝ። "ክራር በኮምፒውተር ይቃኛል?"

"አባ፣ ለክራርም አፕ አለው።"

እልህ ተጋባን። ክረምቱን በሙሉ እኔ "አፕግሬድ"፣ እሱ "በጆሮ" እያልን በአንድ ጋራዥ ውስጥ ተኮራርፈን ሠራን።

በረዶው ቀልጦ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ሞተሩ ተነሳ። የጋራዡ በር ተንቀጠቀጠ፣ እናቴ ከኩሽና ወጥታ እልል አለች። አባቴ ካቻቢቴውን ካርቡሬተሩ ላይ ባለችው ትንሽ ብሎን አስገብቶ ዞር አደረገ፤ ሞተሩ ተንተፋተፈ። መልሶ ዞር አደረገ፤ ባሰበት። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ጎንበስ ብሎ እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ፊቴን አየ። ከዚያ ቁልፉን አጠፋና እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ያንቺን ኮምፒውተር አምጪው" አለኝ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አሸነፍኩ ብዬ ያኔውኑ አዘዝኩት።

ዕቃው በደረሰ ዕለት ካርቶኑን ታቅፌ በጓሮ በኩል ገባሁ። ሞተሩ ይሠራ ነበር። ስልኩ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የአስር ሶላት አዛን ይላል። አባቴ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። "አባ!" አልኩት። ደግሜ ጠራሁት። በሦስተኛው ጮህኩ። ዝም። ትከሻውን ስነካው ደንግጦ ዞረ፤ ፊቱ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ፊት ነበር።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። መጋዘኑ፣ "የስ፣ የስ"፣ የተሳሳተው ዕቃ፣ አዛኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

ሞተሩን አጥፍቶ "ድምፁ በጥርስ ትንሽ ትንሽ ይመጣል" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ። አፋችሁን እያየሁ እይዘው ነበር። ሰው ሁሉ አፉን ሲሸፍን ነው የጨለመብኝ።" ከዚያ ሊያስቀኝ ፈልጎ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እንዲህ መሆኑን መች አውቄ" አለ።

አልሳቅሁም። "ለምን አልነገርከንም? እኛ እንግሊዝኛው ነው ስንልህ ለምን ዝም አልክ?"

"እንግሊዝኛ የማይችል መካኒክ ሞልቷል" አለኝ። "የማይሰማ መካኒክ ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አንጀቴን በላው። የጮህኩበት ቀን ትዝ አለኝና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ለሃያ ዓመት የገፋውን ካርቶን ሁሉ ችሎ፣ ይቺን አንዲት ነገር፣ መካኒክነቱን፣ ሊቀማ መሆኑን ብቻውን ሲያብሰለስል ከርሟል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር አሸክሜው ልጨርሰው ነበር። ካርቶኑን ሳልከፍተው ሪተርን አደረግኩት።

በማግስቱ ሞተሩን አስነሳን። ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረና አፌን እያየ "ሞተሩ ምን ይላል?" አለኝ።

ተንተባተብኩ። የእኔ አማርኛ "እንጀራ አቀብዪኝ"ና "አልራበኝም" ላይ የሚያበቃ አማርኛ ነበር። "እንደ... ኮፍ ያደርጋል" አልኩት።

"ያስላል በይ። ደረቅ ሳል ነው እርጥብ?"

እንዲህ ብለን ጀመርን። ሲያስለው፣ ሲያስነጥሰው፣ ሲያቃስት፣ ሲያነክስ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፤ ለእያንዳንዱ ስም ሰጠኝ። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ብሎኗን ሩብ ዙር ያዞራል፣ መዳፉን ሞተሩ ጎን ላይ ያሳርፋል፣ "አሁንስ?" ይለኛል። ይሄን የምጽፍላችሁን አማርኛ ያገኘሁት ከዚያ ጋራዥ ነው። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት "ምንም አይልም አባ፣ ያንጎራጉራል ብቻ" አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ያኔውኑ ለሽማግሌው ደወልንላቸው። አባቴ ስልኩን ኮፈኑ ሥር አስገብቶ ያዘ። ሽማግሌው አዳመጡት፤ በኋላ "ጋሼ!" ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

"ምን አሉ?" አለኝ አባቴ።

"ጋሼ አሉህ" አልኩት፤ የነገርኩት ከሞተሩ በላይ ጮኼ ነው፣ እሱ ግን ያነበበው ከከንፈሬ ነው።

ዛሬ የመስሚያ መሣሪያ አለው። የሰው ንግግር ይሰማበታል፤ ሞተሩ ግን ከመደርደሪያ እንደወደቀ ድስት ይንኳኳብኛል ብሎ ጋራዥ ሲገባ ያወልቀዋል። እኔ እሁድ እሁድ ከደብሊን ወደ ወላጆቼ ቤት እየነዳሁ እሄዳለሁ። ያ የሽማግሌው መኪና ጤነኛ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ በሽታ ፈልጌለት "ትንሽ ያስላል" እለዋለሁ። ወዲያው ይነሳል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ያ የኮምቦልቻ መካኒክ ይሆናል።

ባለፈው እሁድም "ያስላል" አልኩት። ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ ጥቂት ቆየ፣ መዳፉንም አሳረፈ። ከዚያ ብሎኗን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዞራት። ሩብ ዙር ወደ ግራ መለሳት። የነበረችበት ቦታ ላይ።

"አሁንስ?"

"አሁን ደህና ነው" አልኩት።

ሞተሩን አጠፋ። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርጎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። "ያዢው። አሁን በጥርስም አልመጣ ብሎኛል" አለኝ። ቀጥሎም፣ መስማት ያቆመ ሰው እንደሚናገረው፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ "ልጄ፣ አንቺ እንድትመጪ መኪናው መታመም የለበትም" አለኝ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምን እንዳልኩት ማንበብ አልቻለም።