በጉና ገደል ያለው አምስተኛው መቃብር

ጠጋ በሉ እንጂ፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ነብር ስንት ገደልህ እያላችሁ ሁልጊዜ ትጨቀጭቁኛላችሁ። ዛሬ ያልገደልኳትን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ሚያዝያ፣ ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ። ጉና ላይ ሣሩ ተግጦ ያለቀበት፣ በልጉ ደግሞ ደስ ሲለው በረዶ የሚያወርድበት ወቅት። ከደብረ ታቦር ሁለት ሰዎች ይዤ ወጣሁ። አንዷ ሰብለ ትባላለች፣ ባሕር ዳር አስተማሪ ናት። ሌላው ሃምሳ አለቃ ታደሰ ናቸው፤ በዚያ በድሮው ጦርነት ዘመን የጭነት አውሮፕላን መካኒክ የነበሩ ሽማግሌ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው በቅሎዬ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ይቺ በቅሎ ፍሬን አላት?» አሉኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ በሰማይ ሲሄዱ የኖሩ ሰው በቅሎ ይፈራሉ?»

«ሰማይ ላይ ገደል የለማ!» አሉኝ። እዚያው ወደድኳቸው።

የሰብለ አባት የአንድ ጭነት አውሮፕላን ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ለጦሩ ስንቅ ይዘው አምስት ሆነው ተነሡ፣ አልደረሱም። ስብርባሪ አልተገኘ፣ ሬሳ አልመጣ። የመጣው ወሬ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑን ይዘው ከድተው ውጭ አገር ገቡ ተባለ። እናቷ ይሄን ሁሉ ዘመን የከዳተኛ ሚስት ሲባሉ ኖሩ። ሞቷል እንዳይሉ ያየ የለም፤ ከል አልለበሱ፣ ተዝካር አላወጡ። አሁን አርጅተዋል፣ ልባቸውንም ያማቸዋል። «አያ ዳኘው፣ እናቴ ሳታውቅ እንዳትሞትብኝ ነው» ስትለኝ ሰብለ አንጀቴን በላችው። ሃምሳ አለቃ የመጡት አውሮፕላኗን በቁጥሯ ሊለዩላት ነው።

የት እንደምወስዳቸው ያወቅሁት በአያ ተገኘ ነው። አደን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከጉና ማዶ ባለው ገደል ሰስ ፊታችን ቢቆም እንኳ አያስተኩሰኝም ነበር። ለምን ስለው «የተኙ ሰዎች አሉ» ይለኛል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ቦታው ውቃቢ አለበት ማለቱ መስሎኝ ተውኩት። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ወድቆ አየሁ ያለ ሰው ከሁለቱም ወገን መከራውን ይበላ ነበርና አያ ተገኘም አፉን እንደዘጋ ሞተ። ሰብለ የአባቷን ነገር ስታወራኝ ነው የበራልኝ።

ገደሉ አፋፍ ላይ በቅሎዋን አስረን በእግር ወረድን። እኔ ምንሽሬን ይዣለሁ፣ ሃምሳ አለቃ ትከሻዬን። አስታው ቁጥቋጦ መሐል ጭቃ ላይ የነብር ዱካ አየሁ። ጅብ ጥፍሩን ያትማል፣ ነብር አያትምም፤ ይሄ ጥፍር የለውም፣ ገና ውኃ እንኳ አልቋጠረም። አጠገቡ ደቃቅ ዱካ አለ። ግልገል ያላት ናት ማለት ነው። መናገር ነበረብኝ። እንግዶቼን እንዳላስደነግጥ ብዬ ዋጥኩት፤ እናንተ እንዲህ ያለ ጅልነት እንዳትሠሩ።

ጉሙ ወረደብን። ትንሽ እንደሄድን ከቋጥኝ ሥር የተሸጎጠ ትልቅ ብረት አገኘን፤ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት፣ ግማሹን አፈር የበላው። ሃምሳ አለቃ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ጅራቷ ናት» አሉ። ወዲያው በረዶ ጀመረ። ቆይ ሳልላቸው ያ የታመመ ጉልበት ተረሳና የቁጥሩን ሰሌዳ ፍለጋ እየዳሁ ገቡ።

ከውስጥ «አያ ዳኘው፣ እዚህ ድመቶች አሉ» ሲሉ ሰማሁ።

 ቀና ስል እናቲቱ ቋጥኙ ላይ ቆማለች፤ ከእኔ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ እንጨት እንደሚቆርጥ መጋዝ ታጉረመርማለች። ሰብለ ጋቢዬን ከኋላ ይዛለች። ምንሽሬን አነሣሁ። ጣቴ ቃታው ላይ ነው። በዚያ ጉም አነጣጥሬ ካልጣልኳት ቆስላ ትመጣብናለች፤ ጥይቱም ያን ስስ ብረት በስቶ ሽማግሌውን ያገኛቸዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አፈሙዙን ዝቅ አደረግሁ። «ሃምሳ አለቃ፣ ድመቶቹን አይንኩ። ቀስ ብለው በቂጥዎ እየተንፏቀቁ ወደ እኔ ይውጡ» አልኳቸው። ገባቸው መሰለኝ ቀስ ብለው መንፏቀቅ ጀመሩ። ሲወጡ ክንዳቸውን ይዤ፣ ጀርባችንን ሳንሰጣት፣ በጎን በጎን እየተራመድን መንገዷን ለቀቅንላት። ዘላ ገባች። አንዱን ማጅራቱን ነክሳ ወጣች፣ ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። እኛ በረዶው እየደበደበን ዛፍ ሆነን ቆምን።

መሄዷን ሳረጋግጥ ሃምሳ አለቃ ተመልሰው ገቡ። ሰሌዳውን በካፖርታቸው እጅጌ ፍቀው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። «ናት። በእጄ የጠገንኳት ናት» አሉ።

ከታች ባለችው ሜዳ የድንጋይ ክምሮች አየሁ። አራቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ ራስጌያቸው ወደ ምዕራብ፣ እንደ ክርስቲያን ወግ። አንዱ ግን አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ብቻውን ነው። እኔም ዱካ እንዳነበበ ሰው ኮራ ብዬ «እነዚህ አንገታቸው ላይ ማተብ የተገኘባቸው ናቸው። ያኛው ማተብ የለውም፤ የሌላ እምነት ሰው ነው ብለው ለይተው ቀበሩት» አልኩ።

የሰብለ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ።

«አባቴ ነው» አለች። «የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሊሄድ ሲል ማተቡን ፈትቶ እኔ አንገት ላይ አሰረው። ክሩን ስንቴ ቀይሬዋለሁ፣ መስቀሏ የሱ ናት።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ክምሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «አምስት ተነሡ፣ አምስቱም እዚህ አሉ። የከዳ የለም» አሉ። እኔ አፈርኩ። አያ ተገኘና አብረውት የቀበሯቸው ሰዎችም በቅንነት ነው ያደረጉት፤ ያንን ሰው ግን ለልጁ በሰጠው ነገር ከወንድሞቹ ለዩት። እኔም ደግሜ ለየሁት።

ከዚያ ድንጋይ መሸከም ጀመርኩ። ሰብለም ተነሥታ ተሸከመች፣ ሃምሳ አለቃም አቅማቸው የቻለውን። በአራቱና በአንዱ መካከል ያለውን ቦታ አንድ ክምር እስኪሆን ሞላነው። ኋላ ቄሶች መጥተው ፍትሐት አድርገውላቸዋል፣ ቁጥሩም ለሚመለከተው ቢሮ ተነግሯል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዱካ ሳይ ለምን ብዬ ሳልጠይቅ አልፈርድም፤ የሰውን ዱካ ደግሞ ይበልጥ። ከአደን ይዤ የቀረሁት ይሄን ነው።

ያን ዕለት ስንመለስ አፋፉ ላይ ኔትወርክ አገኘንና ሰብለ ለእናቷ ደወለች። እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። 

«ብቻውን ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

ሰብለ ወደ እኔ አየች። «አይ እማዬ፣ ከጓደኞቹ ጋር ነው።»

«እንግዲያስ ከል ግዢልኝ» አሉ። «ደጅ ወጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ላልቅስለት።»