አማት፣ ምራትና ኦሲሎስኮፕ

ተማሪዎቹ «እመት ሞገድ» ይሏታል፤ በሌለችበት። ፊት ለፊት ሲያገኟት «ቲቸር» ናት። የቅጥር ደብዳቤዋ ደግሞ «የቤተ ሙከራ ረዳት ቴክኒሻን» ይላል።

በቴክኒክ ኮሌጁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በቅጡ የማይዘጋው ክፍል የእሷ ግዛት ነው። አስራ ሁለት ኦሲሎስኮፕና አስራ አንድ ፈንክሽን ጀነሬተር አላት። አስራ ሁለተኛው ጀነሬተር የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ጠያቂ ሲመጣ «ጥገና ላይ ነው» ትላለች፤ ጥገናው ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ለአዲስ ተማሪ የምታስረዳው እንዲህ ነው፦ «ጀነሬተሩ ወሬኛ ነው። የኤሌክትሪክ ሞገድ በፈለጋችሁት ፍጥነትና ቁመት ያወጣል። ኦሲሎስኮፑ ደግሞ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስክሪኑ ላይ ይስለዋል። እንደሱ ያለ ሰው ካገኛችሁ አግቡት።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተሩ ግን ይህን ማብራሪያ አይወደውም። ሳይንስን ያቀላል ይላል። ዶክተሩ በሞገድ ቀመር ሦስት ሰሌዳ መሙላት ይችላል፤ ችግሩ መሣሪያው ሲበራ ነው። አንድ ቀን በእንግዶች ፊት ሠርቶ ለማሳየት ተነሣና ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ወጣለት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁልፍ ሲጠመዝዝ፣ ሽቦ ሲቀይር፣ አምራቹን ሲወቅስ ቆየ። በመጨረሻ እሷ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ መሬት ላይ ነው ያለው» አለችው።

ዶክተሩ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ «ምኑ?» አለ።

«ቻናሉ» አለችና፣ ቻናሉን ከመሬት ጋር ያገናኘውን ቁልፍ ገፋ አደረገችው። ሞገዱ ብቅ አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዶክተሩ ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር የሚነጋገረው በማስታወሻ ነው።

ይህ የሥራው ነው። የቤቱ ጦርነት ሌላ ነው።

አማቷ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው አብረው ይኖራሉ። በዘመናቸው የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበሩ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማንን በድብቅ እንደሚወድ ከከንቲባው በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። በጆሯቸው የመጣ ሰው በክብራቸው መጣ ማለት ነው።

እነዚሁ ጆሮዎች ታዲያ ምራታቸው ስትናገር ዳባ ይለብሳሉ። «እማማ፣ ምሳ ቀርቧል!» ትላለች፤ ዝም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግማለች፤ ዝም። አውቶቡስ ነጂው ባሏ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ በሚመስለው ድምፁ «እማዬ፣ ምሳ» ሲል ግን፣ እናት ከነነጠላ ጫማቸው ብድግ ብለው ይመጣሉ።

«ንቀት ነው» ትላለች ለባሏ። «አንተ ስትናገር ሬዲዮ፣ እኔ ስናገር ግድግዳ።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይላል ባሏ። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን እየታጠበች ሳለ፣ ምድጃ ላይ የጣደችው ድንች ትዝ አላት። «እማማ! ድስቱን ያውርዱልኝ!» ብላ ጮኸች። ሦስት ጊዜ ጮኸች። ሳሙናዋን እንደነገሩ አጥባ ስትወጣ ኩሽናው በጭስ ታፍኗል፤ ድንቹ ከሰል ሆኗል። እናት ከኩሽናው አጠገብ ባለው ክፍል መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ።

«ምን ይሸታል?» አሉ።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁዎት!»

«አንድም ጊዜ አልጠራሽኝም።»

«የታች ፎቅ ሰዎች እንኳ ሰምተዋል!»

«እንግዲያው እነሱ ያወርዱልሽ ነበራ!»

ባል በሩን ከፍቶ፣ ጭሱን አይቶ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው። «ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም። ይለካል!»

አማቷን ወደ ኮሌጁ ለመውሰድ ልመና አላስፈለጋትም። «ጆሮዎ ጤነኛ መሆኑን ማሽን ይመስክርልዎት» አለቻቸው። እናትም «የአገር ጉድ በሰማሁበት ጆሮ!» ብለው የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነበር፤ እየሰሙ ዝም እንደሚሉ በስክሪን አሳይታ ባሏን አፉን ማስያዝ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር። ማዳመጫውን ከጀነሬተሩ ጋር አገናኘች፤ የኦሲሎስኮፑን መለኪያ ሽቦ፣ ፕሮቡን፣ ደግሞ እዚያው ገመዱ ላይ ቆነጠጠችው፤ ድምፁ ሲቀጥን ኃይሉም አብሮ እንዳይቀንስ የሞገዱን ቁመት እያየች ለማስተካከል ነው። እናት ማዳመጫውን ሲያጠልቁ ወገባቸው ቀጥ አለ፤ ሃያ ዓመት ከላያቸው ወረደ። «ማንን ላገናኝ?» አሉ።

«ድምፅ ሲሰማዎት እጅዎን ያንሡ።»

በሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜ የሚወዛወዝ ወፍራም ድምፅ ላከች። እጅ ተነሣ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈች። አምስት መቶ፤ ተነሣ። አንድ ሺህ፤ እንደማመንታት ብሎ ተነሣ። ሁለት ሺህ ላይ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

«ይኸው ጀመሩ» አለች በሆዷ። ልታጠምዳቸው ወደ ሦስት መቶ መለሰችው፤ ሳትነግራቸው ታበራለች፣ ታጠፋለች። እጃቸው በትራፊክ መብራት እንደሚታዘዝ መኪና ከድምፁ ጋር ሲወጣና ሲወርድ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ወደ ሦስት ሺህ ወሰደችው። የሞገዱን ቁመት እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ አደረገችው። አንዱን ማዳመጫ ከጆሯቸው ገለጥ አድርጋ በራሷ ጆሮ ሞከረችው፤ አንጎል የሚበሳ ፉጨት ነበር። እናት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ለማንሣት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

«ለምን አቆምሽው?» አሉ።

«አላቆምኩትም፣ እማማ።»

ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረችው። ሞገዱ ተጠጋግቶ ይርመሰመሳል። እናት ማዳመጫውን አወለቁ፤ አዩት፤ መልሰው ጆሯቸው ላይ ጫኑት። ምራት ያዘጋጀችውን የድል ንግግር ትታ ጀነሬተሩን አጠፋች።

እልኸኛ ናትና አሁን ደግሞ ማይክሮፎን ከነማጉያው አምጥታ በኦሲሎስኮፑ ሁለተኛ ቻናል ላይ ሰካች። «እማማ፣ ምሳ ቀርቧል» አለችና ስክሪኑን አስቁማ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ለካች። ድምፀ ቀጭን ናት። ቀጥላ እንደ ቤቷ ጮኸች። ሞገዱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋጋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልሰማ ሲሏት ትጮሃለች፤ በጮኸች ቁጥር ድምፅዋ እየቀጠነ፣ ጆሯቸው ወደማይደርስበት እየሸሸ ኖሯል። ፊት ለፊት ሲሆኑ የሚግባቡት እናት ከንፈሯን እያዩ ነው።

እናት ይህን ሁሉ በጥሞና ሲከታተሉ ቆዩና «እስቲ ደግሞ እንደ ኩሽናው አድርጊው» አሉ።

«እንዴት እንደ ኩሽናው?»

«ጀርባሽን ሰጥተሽኝ፣ ድስት እያማሰልሽ፣ ለራስሽ እንደምታጉረመርሚው። በወፍራሙ።»

ምራት ፊቷ አመድ መሰለ። «እሱን… ይሰማሉ?»

«አጥርቼ።»

«ዘጠኙንም ዓመት?»

«ዘጠኙንም። ‹ንግሥቲቱ ዙፋናቸው ላይ ናቸው› ያልሽው ደስ ብሎኛል፤ አነጋገር ታውቂያለሽ። ጉማሬ ያልሽኝ ጊዜ ግን ልክ አልነበርሽም፤ ያኔ ከስቼ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት። መጀመሪያ የሳቁት እናት ናቸው። እሷ አፍራም ፈርታም አብራ ሳቀች። ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ሳለ በሩ ተከፈተ። የረሳውን ቁልፍ ሊወስድ የመጣው ዶክተር ነው።

«ይህ የኮሌጁ ንብረት ነው! ለግል ጉዳይ መጠቀም በጥብቅ…»

እናት ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «መሬት ላይ ያለውን የምትፈልገው አንተ ነህ?»

ዶክተሩ ምራትን አየ፤ ምራት ጣሪያውን አየች። ዶክተሩ ቁልፉን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ስክሪኑ ላይ የቆመውን ሞገድና ወረቀት ላይ የሰፈሩትን ቁጥሮች ተመለከተ። ሰው ነውና ተመልሶ ተቀመጠ። «ይህ የሕክምና መሣሪያ አይደለም» አለ በለዘበ ድምፅ። «ግን መስማታቸው ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ከወረደ፣ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። ወረቀቱንም ይያዙ።» በማስታወሻ ሳይሆን በአፉ ነው የነገራት።

የጆሮ ሐኪሟ በራሷ መሣሪያ መርምራ ውጤቱ ከወረቀቱ ጋር ብዙም እንደማይራራቅ ስታይ «የት ነው የተለኩት?» ብላ ጠየቀች። እናት ቶሎ ብለው «ምራቴ ጋ» አሉ። «ማሽን ቤት አላት።»

ከሳምንታት በኋላ የመስሚያ መሣሪያው ተገጠመላቸው። ከደረጃው ጀምሮ እስከ ቤት ውስጥ በየቦታው እየቆሙ ጠየቁ፦ «ይሄ የኔ ጫማ ነው? ፍሪጁ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያጉረመርመው? ጋዜጣ ድምፅ ነበረው እንዴ?» ምራት ምሳ አቅርባ፣ ከልማድ በቀጭኑ «እማማ፣ ይቅረቡ» አለች።

እናት ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ። «ደስ ይላል። ልጄ ግን ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው?»

ባል አቀርቅሮ በላ።

ጆሮ ውስጥ ያለው ዕቃ ይሰለቻልና እናት ከሰዓት በኋላ ያወልቁታል፤ በተለይ ልጃቸው ስለ መንገድ መዘጋጋት ማውራት ሲጀምር። ለዚህም መላ አበጁ። ምራታቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው የድሮ ሙያቸውን ያስተምሯት ጀመር፦ «ከአፍንጫሽ አይደለም፣ ከሆድሽ አውጪው። አትቸኩዪ። እያንዳንዱን ቃል ጨርሰሽ ልቀቂው።» እሷም ተማረች። በቤተ ሙከራው የኋላ ወንበር ላይ ማንቀላፋት የለመዱ ተማሪዎች ምን እንደነካቸው ሳያውቁ ነቁ።

ጠባቸውማ አልቀረም። ጨው በዛ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ፎጣ ጠፋ፤ የሚጣሉበት አያጡም። ግን አሁን የሚጣሉት ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ በወፍራም ድምፅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የታች ፎቅ ጎረቤታቸው በሩን አንኳኳች፤ ጭንቅ ብሏታል።

«ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ድምፃችሁ ጠፋብኝ። ሰው ታመመ እንዴ?»

«ማንም አልታመመ» አሉ እናት። «ግቢና ተቀመጪ። ስለ ፎጣው እየተጣላን ነው።»