የአባቴ ጉድጓድና የቀሩት ገጾች

ልጅ እያለሁ የመንደራችን የሶፊ ሰው አባቴን «ዶክተር ጉድጓድ» እያለ ይቀልድበት ነበር። እኛ ዘንድ ማሽላ የሚቀመጠው ከመሬት በታች፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ሆኖ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። አባቴ እንደማንኛውም ገበሬ ጫቱን ይኮተኩታል፣ ማሽላውን ያርሳል፤ ልቡ ግን ጉድጓዱ ላይ ነበር። የዳር የዳሩ እህል ለምን ይሻግታል እያለ እንቅልፍ ያጣል። ማሽላና ጨው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ይንጣል፤ ጨው ከጠርሙሱ ከተጣበቀ «ረጥቧል» ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም። እናቴማ «ጉድጓዱን ብታገባው ይሻልህ ነበር» ትለዋለች።

እኔ ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ አክስቴ ቤት ሆኜ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። አባቴ ቅዳሜ ጫት ይዞ ሲመጣ ልብሱ የጉድጓድ ማሽላ ይሸታል፤ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። አንድ ቅዳሜ የሆነ ተማሪ ገበያ ላይ አግኝቶት፣ የሐረርጌን ጉድጓድ ፈረንጆች አጥንተው እንደጻፉበትና ጽሑፉም ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ነግሮታል። ጫቱን ሸጦ ሳይጨርስ አክስቴ ቤት መጥቶ፣ እጄን ይዞ ፈረስ መጋላ ወደሚገኘው ኢንተርኔት ቤት ወሰደኝ።

የቤቱ ባለቤት ትሑት ወጣት ነበር። ጽሑፉን ፈልጎ አገኘው። እኔ ርእሱን ሳነብለት አባቴ «የእኛ ጉድጓድ?» ብሎ እንደ ሕፃን ሳቀ። የተከፈተው ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ነው። የቀረው ተቆልፏል፤ ሠላሳ ምናምን ዶላር ይላል።

«ብሩን ላንተ ልስጥህና አንተ ላክላቸው» አለው አባቴ።

«በብር አይቀበሉም አባባ። የውጭ ባንክ ካርድ ይፈልጋል፤ እንኳን እርስዎ፣ እኔም የለኝም።»

አባቴ «ከእኛው ጉድጓድ አይተው ጽፈው መልሰው ለእኛ ይሸጡልናል?» አለ። አልተቆጣም። እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የምቃጠለው።

አንዷን አንቀጽ አሳትመን ሄድን። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ተረጎምኩለት፦ የጉድጓዱ ግድግዳ ላስቲክ ከለበሰና አፉ በደንብ ከታሸገ እህሉ ደርቆ ይከርማል። የቀረውስ ምን ይላል ብሎ ሲጠይቀኝ «ዋናው ይኼው ነው አባ፣ ሌላው ዝርዝር ነው» አልኩት። ምን ባውቅ ነው እንዲህ ያልኩት? እንግሊዝኛ ማንበቤ አኩርቶኝ ነዋ!

በዚያው ዓመት አባቴና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ጀማል፣ ጉድጓዱን ላስቲክ አለበሱት፤ ማሽላውን ሞልተው አፉን በጭቃ መረጉት። ጀማል ሲቀልድ ሰው የሚያስቅ፣ ከሥራም የማይሸሽ ሰው ነበር። በክረምቱ፣ ትምህርት ተዘግቶ እኔም መንደር እያለሁ፣ ሊከፍቱት ወሰኑ።

ጉድጓድ ሲከፈት ልማዳችን አንድ ነው፦ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ አፉ ይነሳል፤ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ማንም አይገባም። ሽማግሌዎች «ይተንፍስ» ይላሉ። የአፈር ግድግዳ ላለው ጉድጓድ ያ ሲበቃ ኖሯል። እኛም እንደ ልማዱ ጠበቅን። ዙሁር ተሰገደ። ጀማል ወረደ፤ ከውስጥም «ዶክተር፣ ደርቋል!» ሲል ሰማነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። አባቴ ተከትሎት ሊገባ ሲል ጎረቤቶች አንቀው ያዙት። ጀማልን በገመድ እስኪያወጡት ነገሩ አልቆ ነበር። ማሽላው አንዲት ፍሬ አልሻገተችበትም። ቤታችን ግን ከዚያ እህል የቀመሰ የለም።

አባቴ ደብተሩን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ እህሉን በጆንያ ነው የሚያስቀምጠው። እኔን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሠራለሁ። እንደዚያ ያለ የተቆለፈ ጽሑፍ ለእኔ በነፃ ይከፈታል። ፈረስ መጋላ ያለ ወጣት ሁሉ አሁን ስልክ በእጁ ነው፤ ለእሱ ግን ያው እንደተቆለፈ ነው። ለዓመታት ፈርቼ ቆይቼ ያንን የጉድጓድ ጽሑፍ ባለፈው ከፈትኩት። ላስቲክ የለበሰ ጉድጓድ የታፈነ አየሩን ቶሎ ስለማይለቅ ተከፍቶ ውሎ ይደር፣ ሰው ከመውረዱ በፊትም የበራ ኩራዝ ይውረድበት፣ ከጠፋ አትግቡ ይላል። ሁለት መስመር ናት። ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለአረፋ በዓል ሶፊ ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ከምሳ በኋላ ሰው ሲወጣ ጠብቆ፣ ያ ጽሑፍ አሁን ይገኝ እንደሆነ፣ ከተገኘም የቀረው ምን እንደሚል ጠየቀኝ።

«አይቼዋለሁ አባ። ቁጥር ብቻ ነው፤ ለእኛ የሚሆን ነገር የለውም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ትከሻው ረገብ ብሎ። «ይህን ሁሉ ዘመን ጀማልን የሚያተርፍ ነገር ይኖርበት ይሆን እያልኩ ነበር።»