ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው አቤቱታ

ታናሽ ወንድሟ ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ፕሮግራም ከኢንተርኔት ፋይል ከማውረድ ሌላ ሥራ የለውም። የሚነካ ምስል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ሲጻፍለት ብቻ ነው የሚሠራው። በነጻ ስለሚሰጥ ተጠቃሚው ብዙ ነው፤ አቤቱታውም እንደዚያው። መዝጋቢዋ እሷ ናት። ጠዋት ማተሚያ ቤት አራሚ ናት፣ ከሰዓት የሰው ብሶት ሰብሳቢ።

ብልሽቱን ራሷ ሳትሞክር አቤቱታ አትዘጋም። «ሲጨርስ ያፏጭልኝ» ላለ ሰው እንኳ፣ ሌላው ስቆ ላለፈው፣ እሷ ቁም ነገር ብላ ቁጥር ሰጥታዋለች።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው የመጣው መስማት ከተሳናቸው ልጆች መምህር ነው። በምልክት ቋንቋ የተቀረጸ ትምህርት ሲያወርድ መብራት ይጠፋበታል። ሲመለስ ፕሮግራሙ ከቆመበት ቀጥሎ «ተጠናቋል» ይላል፤ ቪዲዮው ግን መሃል ላይ ይቆማል። የልጆቹ ፈተና ሰኞ ነው።

«እትዬ፣ የሱ ኮምፒውተር ነው ችግሩ፤ በቃ ዝጊው» አላት ወንድሟ።

እሷ ወይ ፍንክች! ማውረዱን አሥራ አንድ ጊዜ አቋርጣ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀጠለች። ሁሉም ደህና ወጣ። ያኔ «ብልሽት አልተገኘም» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ መምህሩ መለሰ፦ «ላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ዛሬም ሦስቴ ሞከርኩ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።» አንድም የቁጣ ቃል የለበትም። አንጀቷን በላው። ለካ እሷ ያቋረጠችው በወጉ፣ «አቁም» ብላ አዝዛ ነበር! መብራት መቼ አስፈቅዶ ይጠፋል?

በወንድሟ ኮምፒውተር ማውረድ ጀመረችና ግማሽ ሲደርስ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው።

«ኧረ እትዬ! ያላስቀመጥኩት ሥራ ነበረኝ እኮ!»

«አቤቱታ አስገባ፤ ቁጥር እሰጥሃለሁ።»

ሲበራ ፕሮግራሙ «ተጠናቋል» አለ፤ ቪዲዮው መሃል ላይ ቀጥ። ወንድሟ ሊያስተካክል ተቀመጠ። እሷ አቤቱታውን መልሳ ከፈተች፤ ሁሉም በሚያነበው ቦታም «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ ሳልፈትን ዘጋሁት» ብላ ጻፈች። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?

የታረመው ፕሮግራም ቅዳሜ ወጣ። ወንድሟ አቤቱታውን ሊዘጋ ሲል ከለከለችው።

«ባለቤቱ ራሱ ‹ይዘጋ› ይበል።»

እሑድ ከሰዓት መምህሩ ከስልኩ ጻፈ፦ «ሲያወርድ መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ቪዲዮው ግን ሙሉ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ እስከ መጨረሻው አዩት። አሁንም መብራት የለም፤ እጃቸው እንዲታይ መስኮቱ ሥር ተሰብስበው እየተጠያየቁ ነው። ይዝጉት።»