ከጎጎ ደጅ ያልደረሰው እርቅ

ሳንቲም በብረት ላይ ሲንኳኳ ስሰማ ዛሬም ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ሰፈር በነበረው ሱቃችን ደንበኛ የሚጠራን የመስኮቱን ፍርግርግ በሳንቲም እያንኳኳ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ጎጎ ታንዲ ግን ሳታንኳኳ እጇን በፍርግርጉ አሾልካ ጸጉሬን ትዳብስ ነበር። ጎጎ በዙሉ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ እኔም ሌላ አያት አላውቅም ነበር። እዚያ አገር ዝናብ በሚጥልበት በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ሲጀምርና እናቴ ዕቃ ልታመጣ የሐበሻ ነጋዴ ወደሞላበት የከተማው ገበያ፣ ወደ ጀፕ ስትሄድ፣ የምጠለለው እሷ ቤት ነበር።

በዚያ ዓመት የአባቴ ታናሽ ወንድም ኤርሚያስ አንዴ ተዘርፎ ሽጉጥ ገዛ። አባቴ ሲቆጣው «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ» እያለ ወገቡን ይደባብስ ነበር።

ሰኔ ገብቶ ብርዱ ሲጠና መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ጀመር። አንድ ቀን ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጎጎ ሻማ ልትገዛ መጥታ፣ እኔ ያለሁ መስሏት እንደ ልማዷ እጇን አሾለከች፤ ኤርሚያስ «ማነው?» እንኳ ሳይል ተኮሰ። ጥይቱ ጣሪያውን በስቶ ወጣ፣ ጎጎ ግን ደንግጣ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ መምህር በእንግሊዝኛ «ትሪገር ሃፒ!» ብሎ ሲጮህ አባቴ እንደወትሮው ወደ አስተርጓሚ ልጁ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?»

«ሳያጣራ ለመተኮስ የሚቸኩል ሰው ነው አለ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ ወንድሙን በጥፊ አጮለው። እሱም ቸኮለ እንግዲህ!

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ የተበዳዩን ደጅ ይጠናል። እኛ ቤት ግን የታረቁት አባቴና አጎቴ ነበሩ፤ ጥፊው ይቅር ተባለ፣ ተጸለየ፣ ዶሮ ተበላ። «ጎጎ ጋስ ማን ይሄዳል?» ብል እናቴ «አንቺ ልጅ፣ የትልቅ ሰው ነገር ውስጥ አትግቢ!» አለችኝ። መንገዱ እኮ አስር እርምጃ አይሞላም! ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ጎጎ እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ በደጃችን እያለፈች፣ ዳቦ ከሩቁ ሱቅ ትገዛ ነበር።

ዛሬ ኤርሚያስ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ያስታርቃል፤ ሽጉጡም ከወገቡ አልወረደም። ያቺን ጥይት እንደ ቀልድ ሲያወራት ሰው ይስቃል፣ እኔን ያንገበግበኛል። እኔም ጀፕ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኛው ሁሉ ፍርግርጉን ያንኳኳል እንጂ እጁን የሚያሾልክ የለም። በአጎቴ እናደዳለሁ፣ በአባቴ እናደዳለሁ፣ በሽማግሌዎቹም እናደዳለሁ። ጎጎ እስክትሞት ድረስ ግን አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ኖሬ፣ እኔም ያቺን መንገድ አልተሻገርኩም።