በጓሮ ደረጃ የወረድኩባት እሁድ

ሲኦል አለ ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ክርክር ፈልጌ አይደለም፤ ከመጀመሪያው እንድንተዋወቅ ብዬ ነው። ከእምነት ጓደኞቼ መካከል ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወሬ የሚቀይሩ አሉ። እኔ እንደዚያ አልነበርኩም። ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ስለ ዘላለም ፍርድ ሲያወራ ስለ ዝናብና ስለ እርሻ እንደሚያወራው ነው፤ አያስፈራራም፣ አይሸፋፍንምም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት የቤት ኅብረታችን ሰዎች «ዘላለማዊ ቅጣት ለምን ኖረ?» የሚለውን ርዕስ ማን ያስተምር ሲባባሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስምንት ነን፤ በየሐሙሱ ከሥራ በኋላ በተራ በየቤታችን ተሰብስበን ቃሉን እናጠናለን። ርዕሱ ሲሰጠኝ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምሠራው ቦሌ መንገድ ላይ አንድ አስመጪ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ እይዛለሁ። ሰው አርፍዶ ሲመጣ የምቆጣው እኔ ነኝ ማለት ነው። በእኛው ሕንፃ ታች ምድር ላይ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። ሕንፃዎቹ ከመሠራታቸው በፊት ቦታው የእነሱ እርሻ ነበር። ልጃቸው አንድ ቀን መኪና ማቆሚያውን በእርምጃው እየለካ «አውድማችን እዚህ ጋ ነበር፤ በሬዎቹ የሚያድሩት ደግሞ ያ ነጭ መኪና የቆመበት ላይ» ብሎ አሳይቶኛል።

መሬቱ ሲሄድ እጁ ሥራ ፈታ፣ ከዚያ መጠጥ ያዘው። ዕድሜው አርባ አልሞላም፤ ገና በጠዋቱ አረቄ አረቄ ይሸታል። ክፉ ግን አልነበረም። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ አይደርስም። እሱ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ያመጣልኛል። የሻይ መጠጫ ልስጥህ ስለው «ተዪው ጴንጤዋ፣ ጸልዪልኝ ብቻ» ይላል። «እሺ» እላለሁ። አንድም ቀን ጸልዬለት አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጀሪካኖቹን በሬ ላይ አስቀመጠና አልሄድ አለ።

«እሁድ ቸርች ስትሄጂ ውሰጂኝ» አለኝ።

«ቀልድህን ነው?»

«አይደለም። ይሄን ነገር ልተወው ፈልጌ ብቻዬን አቃተኝ።»

«እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ጋ ጠብቀኝ» አልኩት። በሩን ስዘጋ ነፍስ እንዳዳንኩ ነበር የተሰማኝ።

እሁድ ጠዋት ከፎቅ ቁልቁል ሳይ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን አርጥቦ አበጥሮታል። ያን ቀን ሊወስዱኝ የሚመጡት የኅብረታችን መሪና ባለቤቱ ነበሩ። መኪናቸው አዲስ ናት፤ የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። እሱ ከኋላ ከጎኔ ሲቀመጥ፣ ሽታው መኪናውን ሲሞላው፣ የመሪው ባለቤት ምንም ሳትናገር መስኮት ስትከፍት ታየኝ። «ማነው ደግሞ ይሄ?» ስባልም ታየኝ። ሕንፃችን ሁለት ደረጃ አለው። ስልኬን አወጣሁና «በጓሮ በኩል ጠብቁኝ» አልኳቸው። በጓሮው ደረጃ ወረድኩ።

የዚያን ቀን አምልኮ ልዩ ነበር። እጄን አንሥቼ ዘመርኩ፤ አለቀስኩም።

ማክሰኞ ዕለት እንደ ልማዱ ውሃውን ይዞ መጣ። ስለ እሁዱ ቀድሜ ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ውይ! እሁድ ረስቼህ ሄድኩ እኮ!» አልኩት፤ ግንባሬንም በእጄ መታሁ። «ግድ የለም፣ ሌላ እሁድ አይጠፋም» አለኝና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት እሁዶች አለፉ። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁበትም። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ሆስፒታል ገባ፤ ጉበቱ ነው አሉ። ቅዳሜ ሞተ።

እድሩ ድንኳኑን መኪና ማቆሚያው ላይ ተከለ። የሚመጣው ሰው ሁሉ እማማን እያቀፈ «ነፍስ ይማር» ይላል። እኛ ጴንጤዎች ይህን አንልም። በእኛ ትምህርት ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ የሰው ነገር በሕይወት እያለ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስንገባ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ቁጭ እንላለን፣ ይህን ስናደርግ ማንም ልብ የማይለን ይመስለናል። እማማ ልብ ብለውኝ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ንፍሮ ስቆረጥም ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ሲወዱኝ በኦሮምኛ ልጄ ይሉኛል። «ሁሉም ነፍስ ይማር አለ። አንቺ አላልሽም።»

ዝም ብል ማንም አይታዘበኝም ነበር። እጃቸውን ይዤ ባለቅስ ይበቃቸው ነበር። እኔ ግን ሲጠየቅ ጉሮሮውን የማይጠርግ ሰው ነኝና መለስኩ።

«እማማ፣ በእኛ እምነት ሰው ምሕረት የሚያገኘው በሕይወት እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው።»

«ልጄስ?»

«ንስሐ ገብቶ ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ካልገባስ?»

መልሱን ፊቴ ላይ አነበቡት። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ንስሐ ሊገባ ፈልጎ የተነሣበትን ጠዋት የማውቀው እኔ ነኝ። ሰዓቱን የቀጠርኩለትም እኔው ነኝ። ለእናቱ ግን ይህን ትቼ የፍርድን ትምህርት ነገርኳቸው። በማግስቱ ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመንኩ። ቀለለኝ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ከንፈሬን ቀባሁ፣ ወርጄም ማኪያቶ ጠጣሁ። እፎይታዬ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ከሰዓት በኋላ ግን እንዲህ በቀላሉ መቅለሌ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር።

ትምህርቱ ሐሙስ ነበርና ረቡዕ ማስታወሻዬን አወጣሁ። እግዚአብሔር ቅዱስ ነው፤ ዘላለማዊውን ንጉሥ መበደል ትንሽ ነገር አይደለም፤ አልፈልግህም ያለውንም ሰው ጎትቶ ቤቱ አያስገባም። ይህን ሁሉ ቀደም ብዬ አሳምሬ ጽፌዋለሁ፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ከዚያ ጌታ የተናገረውን የሀብታሙንና ደጁ ላይ የወደቀውን የድሃውን ምሳሌ አነበብኩ። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ያን ቀን ግን ሀብታሙ በእሳት ውስጥ ሆኖ የሚለምነውን ነገር ደግሜ አነበብኩት። ድሃው ውሃ ይዞለት እንዲመጣ ነው የሚለምነው።

እዚያም ሆኖ ሊልከው ይፈልጋል። ድሃውን ራሱን አንድ ቃል አያናግረውም፤ ከእሱ በላይ ካለው ጋር ነው የሚነጋገረው። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አይልም። እኔ ቅጣቱ ለምን አያልቅም እያልኩ ስጠይቅ፣ በደሉ መቼ አለቀና! ያ ሰው ሺህ ዓመት ቢጨመርለት ሺህ ዓመት ውሃ ያስመጣል። ይቅርታ የሚጠየቀውን ሰው ዘሎ ወደ ላይ ብቻ እየጮኸ ይኖራል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ በቁሜ አድርጌዋለሁ። ያን ማክሰኞ ውሃዬን ተቀበልኩት፣ ዋሸሁት፤ ሲሞት ደግሞ እናቱን ዘልዬ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከላይኛው ጋር ተነጋገርኩ።

ሐሙስ ይህንኑ ተናገርኩ። ስለ ሀብታሙ ጀምሬ ስለ ጓሮው ደረጃ ጨረስኩ። አንዱ ወንድም «እና የክርስቶስ ደም አይበቃሽም ማለትሽ ነው?» አለኝ። «ይበቃኛል» አልኩት፤ «ግን ከእማማ ቤት ማምለጫ አደረግሁት።» የመሪው ባለቤት፣ ያቺ መስኮት ትከፍታለች ብዬ የፈራኋት ሴት፣ ማልቀስ ጀመረች። «ምነው ይዘሽው በመጣሽ!» አለችኝ። «የኔ ወንድም እኮ በመጠጥ ነው የሞተው።» ይህን አላውቅም ነበር። እሷንም ሳልጠይቃት ነው የፈረድኩባት።

ቅዳሜ ጠዋት ወረድኩ። እማማ ደጃቸው ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እንደምን አደሩ አልኳቸው፤ በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ። እንድቀመጥ አልጠየቁኝም።

«እማማ፣ ልጅዎ ከመጠጡ መውጣት፣ ንስሐ መግባት ፈልጎ ነበር» አልኩ። «ቸርች ውሰጂኝ አለኝ። እሺ ብዬ ቀጠርኩት። ደረጃው ላይ ሲጠብቀኝ እያየሁት በጓሮ ወረድኩ። ሰው እንዳያይብኝ አፍሬበት ነው። ኋላም ረሳሁህ ብዬ ዋሸሁት። ይህን ደብቄ ነው ድንኳን ውስጥ ስለ ፍርድ የነገርኩዎት።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ያን ቀን ሲጠብቅሽ ውሃ ጠማኝ ብሎ ገባ። የማድቤቴ መስኮት በጓሮ በኩል ነው። ቦርሳሽን አቅፈሽ መኪናው ውስጥ ስትገቢ ሁለታችንም አየንሽ።»

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሸሚዙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዚያ መጠጥ ብቻ ይውጣልኝ እንጂ የትም ይሂድ ብዬ። ተናድጄ ልመጣብሽ ነበር። እሱ ነው የከለከለኝ። ‹እንዳትነግሪያት። ካወቀች ታፍራለች፣ ካፈረች ደግሞ ውሃውን እንዳመጣላት አትፈቅድም› አለኝ።»

ያን ማክሰኞ ግንባሬን እየመታሁ ረሳሁህ ስለው ሁሉን እያወቀ ነበር የሳቀልኝ። ጀሪካኖቹን አራት ፎቅ ያወጣልኝም እያወቀ ነው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። የማለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ እያነሡ ይጥላሉ።

«እሱ ይቅር ብሎሽ ነው የሞተው» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ ገና ነኝ። ነገ ነይ።»

ነገ እሁድ ነው፣ ቸርች አለብኝ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በማግስቱ ሄድኩ። «ገና ነኝ፣ ነገ ነይ» አሉኝ። እስካሁን እየሄድኩ ነው።